የሞተሩ ልክ የማን ነው?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን የሥር መድኃኒት የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ቅጠሉን ሲለቅም ማንም እንዳያየው ጎሕ ሳይቀድ ወደ ዱር ይወርዳል ይባላል። ለቅሞ ከተመለሰም በኋላ የሚፈልገውን ቅጠል ከማይፈልገው ጋር ቀላቅሎ ይወቅጠዋል፤ ይኸውም በአጠገቡ የቆመ ሰው ሕመሙን ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ እንዳይለይ ነው። ምስጢሩን የሚነግረው ለሚወደው ልጁ ብቻ ነው። ልጁ ቀድሞት የሞተ እንደ ሆነ፣ ወይም ሽማግሌው በድንገት የተጠራ እንደ ሆነ ግን፣ ዕውቀቱ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይቀበራል። ይህን የመሰለውን ጠባይ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚቈጥሩ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ዛሬ የማጫውትህ፣ ይኸው ጠባይ እጅግ በሠለጠኑ አገሮች፣ እጅግ በረቀቀ መሣሪያ ላይ እንዴት እንደ ታየና፣ ያን ጠባይ ያልወደዱ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ነው። ነገሩ ስለ ሞተር ነው፤ ዓመቶቹንም ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ወደ አውቶሞቢሉ ከመድረሴ በፊት ስለ እንፋሎት ሞተር ጥቂት መናገር ይገባኛል።

ኮርንዎል በእንግሊዝ አገር በደቡብ ምዕራብ ጫፍ የምትገኝ፣ መዳብና ቆርቆሮ ከምድር ይወጣባት የነበረች አውራጃ ናት። ማዕድኑ በጥልቅ ስለሚገኝ ጕድጓዱን ውሃ ይሞላው ነበር፤ ውሃውን ለማውጣት የእንፋሎት ሞተር ያስፈልግ ነበር፤ ለሞተሩም የድንጋይ ከሰል። ከሰሉ ግን በኮርንዎል አልነበረም፤ ከዌልስ በመርከብ ተጭኖ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ለማዕድኑ ባለቤቶች ከሰል መቈጠብ ማለት ወርቅ መቈጠብ ማለት ነበር። ጄምስ ዋት ከሰል ለሚቈጥበው ሞተሩ በ1769 የፈጠራ መብት አገኘ፤ ፓርላማውም በ1775 መብቱን እስከ 1800 አራዘመለት። ዋትና ባልንጀራው ማቲው ቦልተን ከማዕድኑ ባለቤቶች ይቀበሉ የነበረው፣ ሞተራቸው ከአሮጌው ሞተር ጋር ሲነጻጸር ከሚቈጥበው ከሰል ዋጋ አንድ ሦስተኛውን ነበር። በመብታችን ገባ ያሉትን ሰው፣ ለምሳሌ ኤድዋርድ ቡልን፣ በፍርድ ቤት ከሰሱት።

መብቱ በ1800 ሲያልቅ የዋት ሰዎች ከኮርንዎል ወጡ። እንግዲህ ሰው ሁሉ እንደ ወደደ ለመሥራት ነጻ ሆነ። ሆኖም ሞተሮቹ ወዲያው አልተሻሻሉም፤ እንዲያውም ተቈጣጣሪ ስላልነበራቸው ሥራቸው እየደከመ ሄደ። እያንዳንዱ ኢንጂነር የሚያውቀው የራሱን ሞተር ብቻ ነበር፤ የጎረቤቱ ይሻል ወይም ይብስ እንደ ሆነ ማወቂያ አልነበረውም። እንግዲህ በ1811 የማዕድኖቹ አለቆች ተስማምተው ጆኤል ሊን የሚባል ሰው ሞተሮቹን እንዲለካና ያገኘውን በየወሩ እንዲያሳትም አደረጉ። በዚያች ወረቀት ላይ የሞተሩ ስፋት፣ የምቱ ብዛት፣ የበላው ከሰል፣ የኢንጂነሩም ስም ይጻፍ ነበር። የሞተሩ ብቃት የሚለካው 94 ፓውንድ በሚመዝን አንድ ቡሼል ከሰል ስንት ሚሊዮን ፓውንድ ውሃ አንድ ጫማ ከፍ እንደሚል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አማካዩ ከ20 ሚሊዮን እምብዛም አይበልጥም ነበር። በ1840ዎቹ ግን አማካዩ ከ50 ሚሊዮን አለፈ፤ ከሁሉ የላቁትም 100 ሚሊዮን አለፉ። ወረቀቷም እስከ 1904 ድረስ መታተሟን አላቋረጠችም።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳልሸሽግ ልንገርህ። የኮርንዎል ሰዎች ይህን ያደረጉት ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ቸሮች ስለ ነበሩ አይደለም። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች በአንድ ማዕድን ብቻ ሳይሆን በብዙ ማዕድኖች ድርሻ ነበራቸው፤ ስለዚህ አንዱ ጕድጓድ ያገኘው ብልኀት ለሌላው ቢደርስ ትርፉ ለእነርሱው ነበር። ኢንጂነሩም ቢሆን ስሙ በመልካም ቍጥር አጠገብ ታትሞ ሲታይ ሌላ ማዕድን ይጠራው ነበር። ቸርነትና ጥቅም በአንድ መንገድ የሚሄዱበት ጊዜ አለ፤ የማይሄዱበትም ጊዜ አለ። የአውቶሞቢሉ ታሪክ ከዚህ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1970 የአሜሪካ መንግሥት የአየርን ንጽሕና የሚያስጠብቅ ሕግ አወጣ። ሕጉ ከአውቶሞቢል ጭስ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ መርዞች በጥቂት ዓመታት ውስጥ 90 ከመቶ እንዲቀነሱ አዘዘ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያቀላቅለው ካርቡራተር የሚባለው ዕቃ ነበር። ካርቡራተር ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን እንደ ቀድሞ ዘመን ወጥ ሠሪ በግምት ይሠራል። በጭስ መውጫው ላይ የተጨመረው አዲሱ ማጣሪያ ደግሞ ግምትን አይቀበልም፤ ሦስቱን መርዞች ባንድነት ለማጥፋት አየሩ በክብደት ከቤንዚኑ 14.7 እጅ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ከዚህ ጥቂት ቢዛነፍ ሥራው ይበላሻል። ይህን ልክ በየቅጽበቱ ለመጠበቅ ኮምፒዩተር አስፈለገ። ቦሽ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ሞትሮኒክ ያለውን ኮምፒዩተር በ1979 በቢኤምደብልዩ መኪና ላይ አስገባ፤ ጄኔራል ሞተርስም በ1981 ሞዴል በአሜሪካ በሚሸጣቸው የቤንዚን መኪናዎች ሁሉ ላይ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ኮምፒዩተር አደረገ።

ይህ ኮምፒዩተር በመኪናው ውስጥ ተሸሽጋ የምትቀመጥ የብረት ሳጥን ናት። በሳጥኗ ውስጥ ከጣት የማትበልጥ ቺፕ አለች፤ በቺፗም ላይ ቍጥሮች ተጽፈዋል። ሞተሩ በደቂቃ ይህን ያህል ዙር ሲዞርና ይህን ያህል አየር ሲስብ፣ ካንዴላው እሳቱን መቼ ይርጭ? ቤንዚኑ ስንት ሺህኛ ሰከንድ ይፍሰስ? ጧት ብርድ ሲሆንስ? መኪናው ተራራ ላይ ሲወጣስ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሱ በሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ይህን ልክ የማውጣት ሥራ ባለሙያዎቹ ካሊብሬሽን ይሉታል። የፋብሪካው ኢንጂነሮች መኪናዋን በበረዶ አገርና በበረሃ እየነዱ፣ ለወራትና ለዓመታት እየሞከሩ ያገኙት ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ የሚነዳ ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባዋል፤ አየሩ ስስ ስለ ሆነ በወደብ ከተማ የሚበቃው ቤንዚን እዚህ ይበዛል። ካርቡራተር የነበረው መኪና ከምጽዋ ወይም ከአሰብ ወደ ላይ ሲወጣ ጥቍር ጭስ የሚያወጣው ስለዚህ ነበር። ኮምፒዩተሯ ግን የአየሩን ግፊት ለክታ፣ ከሠንጠረዡ አንብባ፣ ቤንዚኑን ትቀንሳለች።

አሁን እንግዲህ አንድ አሜሪካዊ ወጣት በ1986 የተሠራ መኪና አለው እንበል። ሞተሩን ከፍቶ ትልቅ ቤንዚን መርጫ አስገባበት። ድሮ ቢሆን ኖሮ ካርቡራተሩን በጠመንጃ መፍቻ ዞር አድርጎ ያስተካክለው ነበር። አሁን ግን የሚዞር ነገር የለም። ልኩ በቺፗ ላይ በቍጥር ተጽፏል፤ የትኛው ቍጥር የትኛውን ነገር እንደሚያዝ ግን ለባለቤቱ የነገረው የለም። በዚያ ዘመን በነበሩት የጄኔራል ሞተርስ ቺፖች ላይ 16,384 ወይም 32,768 ቍጥሮች ነበሩ። ስም የላቸውም፤ መስመር የላቸውም፤ አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ግእዝ የማያውቅ ሰው ብራና ሲከፍት እንደሚታየው ያለ ነው፤ ፊደሉ አለ፤ ነገሩ የለም።

ከዚህ ችግር ሁለት ዓይነት ሰዎች ተነሡ። አንደኞቹ ነጋዴዎች ናቸው። የተሻለ ልክ የተጻፈበት ቺፕ ነው እያሉ በገንዘብ ይሸጡ ነበር፤ ምን እንደ ለወጡና ለምን እንደ ለወጡ ግን አይናገሩም። እነዚህን ሰዎች ልወቅሳቸው አልወድም፤ ሰው ከድካሙ ፍሬ ሊበላ ይገባዋል። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዳንዱ እንደ ሽማግሌው መድኃኒተኛ ሥራውን በማይታወቅ ነገር እየሸፈነ፣ ሁለት ሦስት ቍጥር ለውጦ የትልቅ ድካም ዋጋ ይቀበል ነበር።

ሁለተኞቹ ለፍቅሩ የሚሠሩ ናቸው። ቀን በሌላ ሥራ እንጀራቸውን የሚያገኙ፣ ማታ በጋራዣቸው አምፑል ሥር የሚቀመጡ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የጀመሩት ቺፗን ነቅሎ በማንበብ ነው። ይህችን ቺፕ፣ ኢፕሮም የምትባለውን፣ በ1971 የፈጠራት ዶቭ ፍሮማን የተባለ የኢንቴል ኢንጂነር ነው። (ይህ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ አፍሪቃ መጥቶ በጋና አገር በኩማሲ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩን ስሰማ ደስ ብሎኛል።) ቺፗ በራስዋ ላይ እንደ መስኮት ያለች መስተዋት አለቻት፤ በመስኮቷ ልዩ ብርሃን ሲበራባት የተጻፈባት ሁሉ ይጠፋና እንደ ተፋቀ ብራና እንደ ገና ሊጻፍባት ይቻላል። ስለዚህ ለመማር የተመቸች ነበረች፤ ሰው ቢሳሳት አጥፍቶ ይጀምራል።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ ግን ትዕግሥት የሚፈትን ነበር። በቺፗ ላይ ካሉት ቍጥሮች አንዳንዶቹ ለኮምፒዩተሩ የተሰጡ ትእዛዞች ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ሠንጠረዦች ናቸው። የኮምፒዩተሩ አንጎል ከታወቀው ከሞቶሮላ ዘር ስለ ነበረ የትእዛዞቹ ትርጕም በመጽሐፍ ይገኝ ነበር። ሰዎቹም ትእዛዞቹን አንድ በአንድ እየፈቱ፣ ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ትርጕሙን በእጃቸው ይጽፉ ጀመር፤ ይህ ቍጥር የውሃውን ሙቀት ይመለከታል፤ ይኸኛው የካንዴላውን ጊዜ ይወስናል፤ ይህን ግን አላወቅሁትም። ማርሹን በራሱ ከሚለውጥ መኪና የተነቀለውን ቺፕ፣ በእጅ ከሚለወጠው መኪና ቺፕ ጋር እያስተያዩ፣ የተለያየውን ቍጥር ለይተው ምክንያቱን ይመረምሩ ነበር። አንዱን ቺፕ እንዲህ አድርጎ ለመፍታት ለብዙ ወራት ማታ ማታ መቀመጥ ያስፈልግ ነበር።

እንግዲህ አስተውል። ያን ያህል የደከመ ሰው በእጁ ሁለት መንገድ ነበረው። ወረቀቱን ቈልፎ ቺፕ ሻጭ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ለሌሎች ሊያካፍል ይችላል። ብዙዎች አካፈሉ። ወረቀቶቹ በዲስኬት እየተቀዱ፣ በኋላም በኢንተርኔት እየተላኩ ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከአገርም ወደ አገር ሄዱ። አንዱ ያላወቀውን ሌላው ሞላ፤ አንዱ የተሳሳተውን ሌላው አረመ። ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደግሞ ከዚህ አልፈው፣ ሰው በገዛ እጁ በያጅ ገጣጥሞ የሚሠራውን የሞተር ኮምፒዩተር፣ ሜጋስኵርት የተባለውን፣ በ2001 ከነሥዕሉና ከነትእዛዙ ለሕዝብ አወጡት። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ወጣት የሞተር ትምህርት ቤት የሆነው ይኸው ነው።

ስለ ስሕተት ጥቂት ልጨምር፤ ምክንያቱም በዚህ ነገር ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ይህን ስለ ሆነ ነው። በእነዚህ ወረቀቶች ላይ አንድ ስም ተሳስቶ ቢጻፍ ጉዳቱ በጻፈው ሰው ቤት አይቀርም። የካንዴላው እሳት ከጊዜው እጅግ ቀድሞ ቢረጭ፣ ወይም ቤንዚኑ ባልተገባ ቦታ ቢያንስ፣ ሞተሩ ይንኳኳል፤ ፒስተኑ ይቀልጣል ወይም ይሰነጠቃል። ወረቀቱን ተቀብሎ ያመነው ሰው ምናልባት ያን ሞተር የገዛው ከደመወዙ ለሁለት ዓመት አጠራቅሞ ይሆናል። ስለዚህ መልካሙ ጸሐፊ ያረጋገጠውን አረጋግጫለሁ ይላል፤ የገመተውንም ግምቴ ነው ይላል፤ ያላወቀውን ባዶ ይተዋል። ክፉው ጸሐፊ ግን ባዶ ቦታ ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ይሞላዋል። ሌላው ከእርሱ ይቀዳል፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይቀዳል፤ ስሕተቱም በብዙ ሰው እጅ ስለ ተገኘ እውነት ይመስላል። ታሪክ ጸሐፊዎችም በዚህ በሽታ እንደሚታመሙ አንባቢዬ አያጣውም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልመለስ። ይህ ልክ የማን ነው? መኪናውን የገዛ ሰው ብረቱን፣ ጎማውን፣ ወንበሩን ገዝቷል። በቺፗ ላይ የተጻፈውንስ ገዝቷልን? ፋብሪካዎቹ አልገዛም አሉ። በ1998 በአሜሪካ የወጣው የጽሑፍና የሥራ ባለቤትነት ሕግ፣ ባለቤቱ በቍልፍ የዘጋውን ጽሑፍ ቍልፉን ሰብሮ መክፈትን ከለከለ። ሕጉ ሲወጣ የታሰበው ስለ ፊልምና ስለ ሙዚቃ ነበር፤ ነገር ግን በመኪና ውስጥ ያለው ጽሑፍም ጽሑፍ ስለ ሆነ ሕጉ ይደርስበታል ተባለ። በ2015 ጆን ዲር የተባለው የትራክተር ፋብሪካ ለመንግሥት በጻፈው ማስረጃ፣ ገበሬው በትራክተሩ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ የሚይዘው ትራክተሩ እስካለ ድረስ የመጠቀም ፈቃድ ተሰጥቶት እንጂ የእርሱ ሆኖ አይደለም የሚል ክርክር አቀረበ። በሬውን ገዝተህ ጠባዩን ግን ተከራይተሃል እንደ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር፣ አየርን እንዲጠብቅ የተቋቋመው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤትም ከፋብሪካዎቹ ጋር በአንድ ወገን ቆመ። ባለመኪናው የሞተሩን ልክ እንዲከፍት ቢፈቀድለት ጭሱን የሚያጣራውን ሥርዐት ያፈርሰዋል ብሎ ጻፈ። ፍርሀቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርሃለሁ። ነገር ግን ከዚያ ጊዜ ሁለት ወር ያህል ቈይቶ፣ በመስከረም 18 ቀን 2015፣ ያው መሥሪያ ቤት ዓለምን ያስደነገጠ ነገር አስታወቀ።

የነገሩ መነሻ ይህ ነው። በዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ጥቂት ተመራማሪዎች የናፍታ መኪናዎችን ጭስ በላቦራቶሪ ውስጥ ሳይሆን በመንገድ ላይ ሊለኩ ተነሡ። መለኪያውን በመኪናው ላይ ጭነው አንዱን መኪና ከሎስ አንጀለስ እስከ ሲያትል ድረስ ነዱት። ከለኳቸው ሦስት መኪናዎች ሁለቱ የቮልስዋገን ነበሩ፤ ሁለቱም በመንገድ ላይ የሚያወጡት መርዝ ከተፈቀደው በብዙ እጅ በልጦ ተገኘ። ውጤቱ በ2014 ታተመ። መሥሪያ ቤቱ ተከታትሎ ሲመረምር፣ ኩባንያው የሞተሩን ኮምፒዩተር ፈተና ላይ መሆኑን እንዲያውቅ አድርጎ እንዳስተማረው ተረዳ። ፈታኙ ሲመጣ ሞተሩ ንጹሕ ይሆናል፤ ፈታኙ ሲሄድ እስከ 40 እጅ የሚደርስ መርዝ ይተፋል። በአሜሪካ 482,000 ያህል፣ በዓለም ሁሉ ደግሞ 11 ሚሊዮን መኪናዎች ይህን መሰል ተንኰል እንደ ነበረባቸው ኩባንያው አመነ። በ2017ም ጥፋተኛነቱን አምኖ በአሜሪካ 2.8 ቢሊዮን ዶላር የወንጀል መቀጫ ተፈረደበት።

ተንኰሉ እንዴት እንደ ተሠራ ግን ለሕዝብ የተገለጠው ጥቂት ነበር። እዚህ ላይ ነው አሮጌዎቹ ወረቀቶች የሚመጡት። ፌሊክስ ዶምኬ የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒዩተር ዐዋቂ የሞተሩን ኮምፒዩተር ጽሑፍ አውጥቶ መመርመር ጀመረ። ጽሑፉ የተሠራው በቦሽ ኩባንያ ነበር፤ ቦሽም እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚሠራ በሺህ በሚቈጠሩ ገጾች የሚያስረዳ የውስጥ መጽሐፍ ነበረው። እንዲህ ያለው መጽሐፍና የቍጥሮቹን ስም የሚናገሩት ዝርዝሮች ከፋብሪካው ወጥተው፣ በሞተር አስተካካዮች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ የቈዩ ነበሩ። በእነርሱ እየተመራ፣ ስለ ሞተሩ ድምፅ ነው ተብሎ በተሰየመ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ከሰዓት ጋር መኪናው ስንት መንገድ እንደ ሄደ የሚያስተያዩ መስመሮችን አገኘ። መስመሮቹን በወረቀት ላይ ቢያወጣቸው ከአውሮፓው የሃያ ደቂቃ ያህል የጭስ ፈተና ጋር ገጠሙ። ያገኘውን በታኅሣሥ 2015 በሐምቡርግ ከተማ በጉባኤ ፊት አሳየ። በኋላም ከቦኹምና ከሳንዲያጎ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጋር ሆኖ 900 ያህል የሞተር ኮምፒዩተር ጽሑፎችን መረመሩ፤ ከ400 በሚበልጡት ላይ የተንኰል ምልክት እንዳገኙ በ2017 አሳተሙ። ጽሑፎቹ የስምንት ዓመት ዘመን የሚሸፍኑ ነበሩ።

እንግዲህ ፍረድ። ባለቤቱ በገዛ ገንዘቡ የገዛውን ቺፕ በገዛ ዓይኑ አንብቦ ትርጕሙን ለባልንጀራው ቢነግር፣ እኔ በበኩሌ ምንም ነውር አላይበትም፤ የጠላውን ጠመቃ ቀምሶ ጌሾው በዝቷል እንደ ማለት ነው። ከፋብሪካ የወጣው የውስጥ መጽሐፍ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው አደራ ተሰጥቶት አደራውን አፍርሷል፤ ወይም አንድ ነጋዴ ለሥራው የተቀበለውን አሳልፎ ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ መቶ ሰው ቢቀባበለው የመጀመሪያው እጅ ንጹሕ አይሆንም። በሌላ ወገን ደግሞ ያ መጽሐፍ ባይወጣ ኖሮ የተንኰሉን አሠራር ሰው ሁሉ በሚረዳው መንገድ ለማሳየት እጅግ ያስቸግር ነበር። ይህን ለብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የደረስሁበት ሐሳብ፣ አደራ አፍራሹን ሳላመሰግን፣ ፋብሪካውም ስለ ተሰረቀ መጽሐፍ በሚያሰማው ጩኸት ብዙ አለመደንገጥ ነው፤ ሰው የሚተነፍሰውን አየር የሚወስን ቍጥር የንግድ ምስጢር ብቻ ነው ሊባል አይገባውምና። ሌላ ሰው ሌላ ፍርድ ቢሰጥ ግን አልጣላውም።

ለፍቅሩ የሚሠሩትንም ቢሆን እንደ መላእክት አድርጌ ልሥልልህ አልፈልግም። ያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የፈራው ነገር በእርግጥ ደርሷል። በኅዳር 2020 ባወጣው ጽሑፍ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ በአሜሪካ ከ550,000 የሚበልጡ የናፍታ ፒክአፕ መኪናዎች የጭስ ማጣሪያቸው ተነቅሎ፣ የኮምፒዩተራቸውም ልክ ተለውጦ እንደሚሄዱ ገምቷል፤ ማጣሪያ ተደርጎላቸው ከተሸጡት ውስጥ 15 ከመቶ ያህል ማለት ነው። ይህን ያደረጉት በዚያው ዕውቀት ነው። ቮልስዋገን በስውር ያደረገውን እነዚህ በግልጥ አደረጉት፤ አንዳንዱም ጥቍር ጭስ በሰው ላይ መልቀቅን ጨዋታ አድርጎታል። ሞተሩ የእኔ ነው ማለት መልካም ነው፤ ጭሱ የሚገባው ግን በጎረቤት ሕፃን ሳንባ ነው፤ የሕፃኑ ሳንባ ደግሞ የማንም ንብረት አይደለም። ወረቀቱን ያካፈለው ሰው ይህን ሁሉ ሊያግድ አይችልም። ሆኖም ከጥንቶቹ ሠራተኞች መካከል ብዙዎቹ፣ መኪናቸውን ካበረቱ በኋላም ማጣሪያውን ሳይነቅሉ፣ የመርመሪያውን ፈተና በሚያልፍ ልክ ለመሥራት ይደክሙ ነበር። ይህ ከመንቀል ይልቅ እጅግ የሚከብድ ሥራ ነው፤ ኀይልና ንጽሕና ባንድነት እንዲገኙ ሠንጠረዡን በእያንዳንዱ ቤት ማረም ይጠይቃል።

ክርክሩ እንዴት አለቀ? በጥቅምት 2015፣ የቮልስዋገን ነገር ከተሰማ አንድ ወር ያህል ቈይቶ፣ በአሜሪካ ይህን የመወሰን ሥልጣን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አለቃ ባለመኪናው መኪናውን ለመጠገን ወይም በሕግ በተፈቀደ መንገድ ለማሻሻል ቍልፉን ቢከፍት በዚያ ሕግ እንዳይጠየቅ ፈቀደ። ፈቃዱ ሥራ ላይ የዋለው ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ መሥሪያ ቤቶቹ እንዲዘጋጁ ጊዜ ተሰጣቸው። የአየሩ ሕግ እንደ ጸና ነው፤ ማጣሪያውን የነቀለ ሰው በዚያኛው ሕግ ይጠየቃል። ፈቃዱም ለዘላለም የተሰጠ አይደለም፤ በየሦስት ዓመቱ እንደ ገና ይለመናል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት መኪናዎች መስኮት ያላትን ቺፕ ትተዋል፤ ልካቸው በሽቦ በኩል ይጻፋል፤ የአዲሶቹም ቍልፍ ከአሮጌዎቹ ይልቅ እጅግ የጠና ነው። ስለዚህ ዛሬ በብዛት የተፈቱትና በብዙ ሰው እጅ የሚገኙት የዚያ የአሮጌው ዘመን ወረቀቶች ናቸው። መኪናዎቹ አርጅተዋል፤ ሳጥኖቻቸውን የሠሩት ፋብሪካዎችም አብዛኛውን መሥራት ትተዋል። ቺፖቹ ራሳቸው ደግሞ ዘላለማዊ አይደሉም። በውስጣቸው ያለው ጽሑፍ የተያዘው በጥቂት የኤሌክትሪክ ኀይል ነው፤ ያም ኀይል ከብዙ አሥር ዓመታት በኋላ እየፈሰሰ ያልቃል። መስኮቷን የሸፈነው ተለጣፊ ወረቀት ደርቆ የወደቀ እንደ ሆነ ደግሞ፣ የፀሐይ ብርሃን ቀስ በቀስ እየገባ ቍጥሮቹን አንድ በአንድ ይፍቃቸዋል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች አሮጌ መኪና ሲያገኙ ከሁሉ አስቀድመው ሳጥኗን ከፍተው ቺፗን ነቅለው ያነቡና፣ ቅጂውን በላይዋ ካለው አራት ፊደል ምልክት ጋር ጽፈው ለሌሎች ይልካሉ፤ ከዚያም በመስኮቷ ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፈው ወደ ቦታዋ ይመልሷታል።